ያልመጣ በረዶ

ዓርብ፣ ጥር 22

በረዶው አልመጣም። ቴሌቪዥኑ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስፈራራን ሰንብቶ፣ ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላ ጠበቀችኝ። ድራይቭዌዩ፣ የመኪና መግቢያው ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው፣ በረዶው እንዳይጋገር እኔው የበተንኩት ጨው ነው።

ትናንት ለወላጆቹ ሁሉ፣ ቤቴ ልጆች የምጠብቅበት ዴይኬር ነገ ዝግ ነው ብዬ ቴክስት አደረግኩ። ቤቴ ቁልቁለት ላይ ነው። የሰው ልጅ አደራ ይዤ፣ አንዷ ተንሸራታ ብትወድቅ ምን እላለሁ? የሶልያና እናት ወዲያው ደወለች።

"እትዬ፣ ነገ እኮ የመጨረሻ ቀኗ ነው። ለአንድ ሰዓት እንኳን ላምጣትና ትሰናበትዎ።"

ለአንዱ ከፍቼ ለሌላው መዝጋት አልችልም አልኳት። ያውም ኮስተር ብዬ!

ዛሬ ፀሐይዋን እንዳየሁ ቁርስ እንኳን ሳልቀምስ ደወልኩላት፤ ቶሎ አምጫት ልላት።

"መንገድ ላይ ነን፣ ሉዊዚያና ገብተናል እኮ እትዬ" አለችኝ። "እርስዎ ጋ ካልመጣች ምን እንጠብቃለን ብለን፣ መንገዱ በበረዶ ሳይዘጋ ማታውኑ ወጣን።"

ነገ ቅዳሜ ነበር ጠቅልለው ወደ ዳላስ የሚሄዱት። እኔ ነኝ ያጣደፍኳቸው።

የአራት ወር ልጅ ሆና ነው የተቀበልኳት። ዳዴ ያለችውም፣ አፏን የፈታችውም እዚሁ ሳሎኔ ምንጣፍ ላይ ነው። ቀን ቀን ጆሮዬን ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም። ይህን ለእናቷ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን በሰላም ግቡ ብዬ ዘጋሁት።

ሰኞ አዲስ ዴይኬር ትጀምራለች። ምሳ በልታ ጋደም ስትል፣ ዓይኗን ጨፍና እጇን ትዘረጋለች…