የኦራቲሌ እጆች

ሰሮዌ፣ ረቡዕ ሜይ 16 ቀን 2018

ለተከበሩ ማሎሜ፣ ለእናቴ ታላቅ ወንድም
በከብት ጣቢያው

ውድ ማሎሜ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በአንድ ምክንያት ነው፤ ባለፈው ኖቬምበር በግቢያችን ውስጥ በታናሽ እህቴ በኦራቲሌ ላይ የተናገሩትን ቃል እርስዎ ራስዎ መጥተው እንዲያነሡላት ልለምንዎ። ምክንያቱን ከላይ ያስቀደምሁት ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ነው። መሃሉ ላይ ደክሞዎት ቢያስቀምጡት እንኳ የምፈልገውን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ፊደሎቹን አስፍቼ የጻፍኋቸው መነጽርዎ እንደተሰበረ የጉድጓዱን ሞተር የሚጠግነው ሰው ስለነገረኝ ነው። ደብዳቤውንም የሚያደርስልዎ እሱ ነው። እዚያ ስልክ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ቢሠራም ይህን ነገር በስልክ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም።

ደህና ነን ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ተውሁት። ማሽላውን አጭደን ጨርሰናል፣ ከአምናው ያነሰ ነው። አክስቴ ኬኔይልዌ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን ምንም አላመማትም። እኔ ደክሞኛል። በትምህርት ቤታችን አራት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አሉ፤ አማካሪያቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ቢሮዬም የኳስና የመረብ ማስቀመጫ ክፍል ነው። ሥራውን የጀመርሁ ጊዜ «ልጆችን ማናገርም ሥራ ሆኖ ደሞዝ ይከፈልበታል?» ብለው መሳቅዎን አስታውሳለሁ። ዘንድሮ ያ ሳቅዎ ደጋግሞ ትዝ ይለኛል።

በቢሮዬ በር ላይ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን አለ። ፊት ለፊት መናገር የሚያፍሩ ልጆች ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት ይጥሉበታል፤ እኔም ሐሙስ ሐሙስ በክፍል ውስጥ አንብቤ እመልሳለሁ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ የሙያ ምርጫን በምናስተምርበት ሳምንት፣ በማስመሪያ የተሠሩ በሚመስሉ ፊደላት የተጻፈ አንድ ወረቀት አገኘሁ። እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሰው ሳያውቅ ነፍስ ቢያጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ሕይወት ያለው ነገር ሳይነካ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ምን ምን ነው?»

በሠለጠንሁበት ትምህርት መሠረት የዚያ ጥያቄ የመጀመሪያው ግማሽ ቀጥ አድርጎ ሊያቆመኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሁለተኛውን ግማሽ መለስሁ። ወረቀቱን ጮክ ብዬ ሳነብ ሞሌቲ የሚባለው ቀልደኛ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ ዶሮ ማረድም ይቆጠራል?»

«አንተ የምትገለው የሒሳብ መምህራችንን ነው፣ በንዴት!» አለችው ከኋላው የተቀመጠችው ልጅ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፣ ማሎሜ። ከዚያም ጠመኔ አንሥቼ በሰሌዳው ላይ በተራ ቁጥር ጻፍሁ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የካርታ ነዳፊ፣ የአየር ሁኔታ መዝጋቢ፣ የሒሳብ ጸሐፊ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ። ኦራቲሌ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንገቷን ደፍታ ስትገለብጥ አይቼ በትጋቷ ደስ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ የምርጫ ቅጾቹ ተሞልተው መጡልኝ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ በኦገስት ዕረፍት አንድ ሳምንት ከመረጡት ባለሙያ ጋር ውለው ሥራውን ያያሉ፤ ቅጹም አምስት ምርጫ ይጠይቃል። የኦራቲሌን ቅጽ ሳነሣ ገና ሳላየው የምትጽፈውን የማውቅ መስሎኝ ነበር። እርስዎም ቢሆኑ ይገምቱ ነበር። አምስቱም መስመሮች ላይ የተጻፈው ግን የእኔ ዝርዝር ነበር። ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተናጋም።

ወደ ቤት ስመለስ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ሳህን ስታጥብ አገኘኋት።

«ኦራ፣ እዚህ ቅጽ ላይ የጻፍሽው ምንድን ነው?»

«ሥራ ነዋ።»

«ካርታ ነዳፊ? አንቺ? ካርታውን ገልብጠሽ ይዘሽ ሰሮዌን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያገኘሽው ልጅ?»

አልሳቀችም። «ሰሌዳው ላይ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«የከብት ሕክምናውስ? ስድስት ዓመትሽ ላይ እኮ ነው የጀመርሽኝ፣ ሐኪም እሆናለሁ እያልሽ።»

«እትዬ ኬሌ፣ ተይኝ።»

«አልተውሽም። ለምንድን ነው የተውሽው?»

እጇን ከባልዲው አወጣች። ሽታው ያን ጊዜ ነው የደረሰኝ፤ ባልዲው ውስጥ በረኪና ነበር። ጣቶቿ መሃል ለመሃል ተሰነጣጥቀዋል። «ላሞቹን ማን ገደላቸው?» አለችኝ። «ስሜን የጠራሽው እኮ አንቺ ነሽ።»

ያን ቀን ያልነበረ ሰው ደብዳቤውን ቢያነብልዎ እንዲገባው ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው። እናታችንን በኦክቶበር፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ቀበርን። በሳምንቱ ረቡዕ ዕቃዋን ልናመጣ ከእርስዎ ጋር ወደ ከብት ጣቢያው ሄድን። ኀዘን ላይ ያለ ሰው በልማዳችን «ትኩስ» ነው፣ ከብቱን ስለሚጎዳ መሃሉ አይገባም፤ ያንን እርስዎም፣ እኔም፣ እሷም እናውቃለን። ኦራቲሌ ግን ፀሐይ ሳትወጣ፣ ፀጉሯ እንደተላጨ፣ ጥቁሩ ጨርቅ በእጅጌዋ ላይ እንደተሰፋ፣ በረት ገብታ የፓትሷን አንገት አቅፋ ቆመች። ፓትሷ እናታችን በእጇ ያሳደገቻት ያቺ ጥቁርና ነጭ ላም ናት። የእናታችንን ሞት ለላሟ እየነገረቻት ነበር። ያየኋት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ጠርቼ አስወጣኋት።

በኖቬምበር አራት ላሞች በተከታታይ ጽንሳቸውን ጣሉ፤ ሁለቱ ከዚያ አልተነሡም። እርስዎ አቧራ እንደለበሱ መጥተው ግቢያችን ውስጥ ቆሙ፤ አክስቶቼ ሁሉ ነበሩ። «ማነው በረት የገባው? ንገሩኝ፣ ማነው?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ የተማርሽው፣ አትዋሺም፤ ተናገሪ» አሉኝ። እኔም «ኦራቲሌ ናት» አልሁ። ሐሰት አልናገርም፤ በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ዝም ማለት ሐሰት አልነበረም።

«እናትሽን አፈር ባለበስሽበት እጅ ላሞቿን ጨረስሽ!» አሏት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ የተጣመመ ጥጃ ከላም ማሕፀን በእጇ አስተካክላ ስታወጣ፣ በዚያው ግቢ፣ ለእነዚያው አክስቶች «እጅ ያላት ልጅ ይቺ ናት፤ የእናንተ ልጆች ማንኪያ መያዣ ነው ያላቸው» ያሉት እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ለሳምንት ያህል እጇን ስታየው ሰነበተች።

ከኖቬምበር ወዲህ ዶሮዎቹን አትመግብም። የአክስቴን የልጅ ልጅ እንድታቅፍ ሲሰጧት እጇን ወደ ኋላዋ ትደብቃለች። እኔ ይህን ትዕቢት ብዬ ሁለት ጊዜ ገሥጬያታለሁ። ምሳዋን አትጨርስም፤ ቀበቶዋ ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስታለች። በሌላ ሰው ልጆች ላይ እነዚህን ምልክቶች አይቼ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ወላጅ አስጠራ ነበር።

ለገዛ እህቴ አማካሪ መሆን ስለማይገባኝ ወደ ሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ነርስ ወስጃታለሁ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ትሄዳለች። ነርሷ ትላንት ለብቻዬ ጠርታ «ቃሉን የተናገረው ሰውዬ በሕይወት አለ?» አለችኝ። አዎ አልሁ። «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ይምጣ እንጂ» አለችኝ።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ነገር ደረስሁ። አራት ላሞች በአንድ ወር ጽንስ መጣላቸው አልዋጥ ስላለኝ ባለፈው ሐሙስ ወደ እንስሳት ሕክምና ቢሮ ሄጄ ነበር። አቶ ሞሌፌ መዝገቡን ገልጦ አየና በመገረም ተመለከተኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እናንተ ቤት ይሄ ነገር እስካሁን አልተወራም እንዴ?»

«የቱ ነገር?»

«የደሙ ውጤት ነዋ። ጽንስ የሚያስወርደው በሽታ ነው። በጁላይ ተገዝታ የመጣችው ጊደር ናት ይዛው የመጣችው። ለማሎሜሽ ወረቀቱን እኔ ራሴ ነኝ የሰጠሁት፤ ይኸው ፈርሟል።»

ፊርማዎን አየሁት። ጃንዋሪ 19 ቀን ይላል።

ማሎሜ፣ በዚያች ጊደር ምን ያህል ይኮሩ እንደነበር አውቃለሁ። ከጃንዋሪ ወዲህ አንድም ጊዜ ወደ መንደር ያልመጡት ለምን እንደሆነ ሐሙስ ዕለት ገባኝ። ልከስዎ አይደለም የምጽፈው። እርስዎ ወረቀቱን ይዘው አራት ወር ዝም አሉ፤ እኔ ደግሞ ስሟን ጠርቼ ስድስት ወር ዝም አልሁ። የማን እንደሚከብድ መመዘን አልችልም፤ ሞክሬ ነበር።

የወረቀቱን ግልባጭ ወስጄ ለኦራቲሌ አሳየኋት። በሽታው ምን እንደሆነ፣ በጀርም እንጂ በኀዘን እንደማይመጣ፣ መስመር በመስመር አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና «የተናገረው ማሎሜ ነው። ወረቀት አይደለም የተናገረው» አለችኝ።

እናታችን በሕይወት ሳለች የምትለውን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፦ ሽማግሌ በልጅ ላይ ልቡ ከቆሰለ ልጁ ይታመማል፤ ያ ሽማግሌ ራሱ ውሃ ይዞ ካላጠበውና «ልቤ ነጽቷል» ካላለው ሌላ ሰው አያድነውም። ኮሌጅ ሳለሁ በዚህ ጉዳይ ላይ አሥራ ስምንት ገጽ ጽፌ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼበታለሁ። አስተያየቴ ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ነበር። ያ ጽሑፍ ዛሬ በእጄ ቢገባ ብዙውን እሰርዘው ነበር። የነርሷን ማክሰኞ አልተውም፤ በትምህርቴም አምናለሁ። ነገር ግን ልጅቷ የምትጠብቀው የእርስዎን ውሃ ነው፤ እኔም ከመጽሐፎቼ ውስጥ በእሱ ፋንታ የምሰጣት አላገኘሁም።

ስለ ፓትሷም ጠይቂልኝ አላለችኝም፤ እኔ ግን እጠይቅዎታለሁ። ወልዳ ከሆነ የጥጃውን ቀለም ቢነግሯት መልካም ነው። ወተቱን ሳያፈሉ አይጠጡ፤ አቶ ሞሌፌ በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል ብሏል። ምጥ የያዛት ላም ሲረዱም ጓንት ያድርጉ፤ ሁለት ጥንድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ትንሹ ጥንድ የእርስዎ አይደለም። እዚያው ያኑሩልኝ።

እግዚአብሔር ጉድጓድዎን አያንጥፈው፤ በረትዎን ይሙላው፤ በመንገድ ላይ ጎማዎን ይጠብቅልዎ። የእናቴን ወንድም ዕድሜ ያርዝምልኝ፤ ከእሷ ወንድሞች የቀሩን እርስዎ ብቻ ነዎት።

የምለምንዎ እንግዲህ ይህ ነው። ወደ ቤት ይምጡ። አክስቶቼን እጠራቸዋለሁ፤ ቃሉን የሰሙ ሁሉ መነሣቱንም ይስሙ። የእናታችንን ትልቁን ሳፋ አውጥቼ ውሃ እሞላዋለሁ። የኦራቲሌን እጆች ይጠቡላት፤ በአፍዎም ላሞቹን የገደለው ምን እንደሆነ ይንገሯት። ከዚያ በኋላ ቅጿን መለወጥ ብትፈልግ በአሳዳጊ ቦታ ላይ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፤ ካልፈለገችም አላስገድዳትም። አዲስ ባዶ ቅጽ በመሳቢያዬ አስቀምጫለሁ። ከእሷ እጅ የሚተርፈውን ውሃ ግን ወዲያው አይድፉት፤ እኔም የራሴን እጆች ዘርግቼ እዚያው በአጠገብዎ እቆማለሁ።

ቅጾቹን የምናስረክበው ዓርብ ጁን 1 ቀን ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነው። እስከ ሐሙስ ሜይ 31 ማታ ድረስ በሩን ሳልቆልፍ እጠብቅዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣
ኬሌቦኜ