ከመስመሩ ያለፈው ጠረጴዛ

ለታላቅ እህቴ ለሂላሪያ፣ በጤናሽ ቀን እጅሽ ይግባ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንደ ድሮው ሜዳውን አቋርጦ ውሃው ድረስ ያደርስሻል ወይ? የእማዬ ዓይን ከአምናው ባሰበት ወይስ እንዳለ ነው? በረዶው ድንቹን ሳይመታው ቀረ? በጎቹስ ወለዱ? ጠዋት ጠዋት የሸራዬን ገመድ ስፈታ እያንዳንዳችሁን በየስማችሁ አስባችኋለሁ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ሳል የለብኝም፣ እህልም ይበላልኛል። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጨርስ ግን የያዘኝ ነገር አለ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ወረቀቱ የሳፋ መጠቅለያ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለውን ሥዕል አትይብኝ።

እማማ ክሎቲልዴ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ወሬው ሳይደርስሽ አልቀረም፤ «ሚኒባስ ገጫቸው» ብለው ነግረውሽ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ሲወራ ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። ሚኒባሱ ግን አልነካቸውም።

ከሀገር ስመጣ ይህችን የባልዲና የሳፋ መሸጫ ቦታ የሰጡኝ እሳቸው እንደሆኑ አንቺም እማዬም ታውቃላችሁ። እግራቸው ሲደክም «አንቺ ያዢው፣ ፀሐይ ሲወጣ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» ብለው ለቀቁልኝ። በሻጮች ማኅበር መዝገብ ላይ ቦታው ዛሬም በስማቸው ነው። ያን ጊዜ ጠረጴዛዬ ማኅበሩ በእግረኛው መንገድ ላይ ከቀባው ነጭ መስመር ወዲህ ነበር። ከመስመሩ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ያልፍ ነበር።

የካርኒቫሉን ማክሰኞ መቼም ታውቂዋለሽ። እያንዳንዷ ሻጭ ቦታዋን በአበባና በባለቀለም ወረቀት አስጊጣ ለእናት ምድር አልኮል ትረጫለች። በእኛ መንገድ ታዲያ የተረጨ መሬት የረጪዋ ነው፤ ማንም አይከራከራትም። ከስድስት ዓመት በፊት ጎረቤቴ ካሲልዳ፣ ካልሲ የምትሸጠዋ፣ ጠርሙሷን ይዛ ከመስመሩ አንድ ስንዝር አልፋ ረጨች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ምነው ባሲሊያ፣ ለምድርም ትሰስቻለሽ?» አለችኝና ረድፉ ሳቀ። እኔም አፍሬ ስንዝር ጨመርኩ። በዓመቱ እሷ ጨመረች፣ እኔም ተከተልኳት፤ ጠረጴዛችንንም በጣውላ እየቀጠልን አስረዘምነው። በመጨረሻ የቀረው መተላለፊያ ሰው በጎኑ ዞሮ የሚሾልክበት ብቻ ሆነ፤ ከላይ ባልዲ ተንጠልጥሏል፣ ከታች ሳፋ ተከምሯል። አላፊው ሲያጉረመርም «ደንበኛዬ፣ ሆድዎን ትንሽ ሳብ ያድርጉት» እንለውና እንሳሳቃለን። ብዙ የማልናገረው እኔም ከሳቁ አልቀረሁም።

ባለፈው ኖቬምበር፣ ሐሙስ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ገበያው ደርቶ ነበር። እማማ ክሎቲልዴ ልጃቸው ሬሜዲዮስ የገዛችላቸውን ባለአራት እግር መደገፊያ እየገፉ መጡ። ጠረጴዛዬ ጫፍ ሲደርሱ መደገፊያው አላልፍ አለ። ፊቴ ደግሞ ስድስት ሳፋ የምትገዛ የምግብ ቤት ሴትዮ ቆማለች። እማማ «ባሲሊያ፣ ልጄ፣ እቺን ክምር ትንሽ ሰብሰብ አድርጊልኝ» አሉኝ። እኔ ዞር እንኳን ሳልል «በታች ዞረው ይለፉ እማማ፣ አንድ እርምጃ ናት» አልኳቸው። በታች ማለት አስፋልቱ ነው።

ሲወርዱ አላየኋቸውም። የሰማሁት የመደገፊያው ብረት ከጎርፍ ቦዩ ጋር ሲጋጭ ነው። ከኋላቸው ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋ ደንግጠው እግራቸው ቦዩ ውስጥ ገብቷል። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። በሸራዬ ላይ አስተኝተን ከካሲልዳ ጋር እስከ ታክሲው ተሸክመናቸው፣ ሐኪም ቤት አደረስኳቸው። በመንገድ ላይ እጄን ጨብጠው ይዘው ነበር።

ሬሜዲዮስ እያለቀሰች ደረሰች። ሰው ሁሉ እየሰማ አቅፋኝ «እኔ ልጃቸው ሳልኖር አንቺ ልጅ ሆንሽላቸው» አለችኝ። እታለም፣ መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። አፌን ከፈትኩና «ምንም አይደል» አልኩ። በማግስቱ ገበያው በሙሉ ሹፌሩን ይረግማል፣ ካሲልዳ ያላየችውን እንዳየች ትተርካለች፣ እኔ አቀርቅሬ ሳፋ እወለውላለሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ ካንቺ አልደብቅም። ቦታው የእሳቸው ነው፤ ሬሜዲዮስ ብታውቅ ማኅበሩ ዘንድ ሄዳ በአንድ ቀን ታስነቅለኛለች። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ሳፋ ተሸክሜ የት እዞራለሁ ብዬ ፈራሁ።

እሑድ እሑድ ሾርባ ይዤ እጠይቃቸው ነበር። «ገበያው እንዴት ነው? ትልልቁ ሳፋ ወጣልሽ?» ይሉኛል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። ምነው በሰደቡኝ እያልኩ እመለስ ነበር።

ዝም ማለት ያቃተኝ እማዬ የላከችላቸውን የደረቀ ድንች ባደረስኩ ቀን ነው። ከረጢቱ ላይ የሰፋሽውን ወረቀት መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ «ለልጄ ቦታ ለሰጡ» ይላል። ተነሥቼ ወደ ማድ ቤት ሄድኩና ለሬሜዲዮስ ሁሉንም ነገርኳት፤ የለመኑኝን፣ የመለስኩትን፣ ዞሬ እንኳን አለማየቴን። ካሮት ትልጥ ነበር፤ ቢላዋውን አላስቀመጠችም። «እናቴ በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች» አለችኝ። «ማኅበሩ ዘንድ እንዳልሄድ አስምላኛለች። ‹ባሲሊያ ራሷ መጥታ ትነግርሻለች፣ ጠብቂ› አለችኝ። ጠበቅኩ። ሃያ አራት ቀን ፈጀብሽ፣ ባሲሊያ።»

ቦታውን ልመልስላችሁ አልኳት። «እኔ ሳፋ አልሸጥ፣ ቦታውን ምን ላደርገው ነው? መንገዱን መልሺ» አለችና ወደ ካሮቷ ዞረች።

በማግስቱ ከአናጺ መጋዝ ተውሼ ጠረጴዛዬን እስከ ነጩ መስመር ቆረጥኩት። መስመሩ ከሥሩ ሲወጣ ቀለሙ እንደ ትናንት ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አልረገጠውም። ካሲልዳ «ጠረጴዛሽን ምን አገኘው፣ ሐኪም ነው ቁረጪው ያለሽ?» ብላ ረድፉን አሳቀችብኝ። በነጋታው በተለቀቀው ቦታ ላይ የካልሲ ሳጥኗን አስቀምጣ አገኘሁ። አነሳሁት። ደግማ አስቀመጠች፣ ደግሜ አነሳሁ። «ባዶ መሬት የምትጠብቂው ሞኝ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ለእሷም ነገርኳት፤ ወደ አስፋልቱ የሰደድኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ሹፌሩም እንዳልነካቸው። ሳጥኑን ከዚያ ወዲህ አላመጣችም። አታናግረኝም ግን፤ አብዛኛው ረድፍም እንደ እሷ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሰምቶ ሁላችንንም ያስነሳናል ብለው ይፈራሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በፍርሃት ነው ዝም ያልኩት።

አሁን ግማሹ ዕቃዬ ቤት ነው የሚውለው። የካርኒቫሉ ማክሰኞ ሲመጣ እስከ መስመሩ ድረስ ብቻ እረጫለሁ።

ይህን ለእማዬ ሳታሳጥሪ አንብቢላት። ለከርሞ ድንች ስትልክ ወረቀቱ ላይ የእማማን ስም ብቻ ጻፊ፤ እኔን አታንሺኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ወንድማችንን ፍሎሬንሲዮን፣ ባለቤቱን ኢሪኔያን በሰላም ዋሉ በይልኝ፤ አዲስ የተወለደችውን ግንባሯን ሳሚልኝ። እማማ ክሎቲልዴ ገና አልጋ ላይ ናቸው። ጠረጴዛውን እንደቆረጥኩት ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስላቸው ሰላምታ ላኩላችሁና «እህትሽን እንዲህ በያት፤ ስነሳ በታች ሳይሆን በላይ ነው የማልፈው» አሉኝ።

ታናሽሽ ባሲሊያ
ላ ፓዝ፣ እሑድ ጃንዋሪ 17 ቀን 2016