ጉበት ጠባቂው ዘይት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1986፣ አስመራ

የእናቴ ዐይን ቢጫ ሆኗል። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳው ክኒን ጉበቷን ስለጎዳው ለጊዜው እንድታቆም ነግሯት ነበር። ዛሬ ግን አጎቴ ከእዳጋ ሓሙስ ገበያ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይዞ መጣና ሐኪሙን ሻረው።

«ይሄ ጉበት ይጠብቃል። አንድ ማንኪያ ጠጪና ክኒንሽን ዋጪ!»

«አኮይ፣ ዘይቱ ከዘመድስ ይጠብቃል?» አልኩት።

«ስቕ በል! ሕፃን ምን ያውቃል?»

ሊጠይቃት የመጣው ጡረተኛው መካኒክ ጎረቤታችንም፣ «ሞተር ያለ ዘይት ይነድ የለ?» ብሎ አጸደቀለት። እናቴ ማኪና መሆኗን ለካ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት።

እሷ ታላቅ ወንድሟን እምቢ ብላ አታውቅም። ክኒኑን ስትውጥ ቆሜ አየሁ። ሁለቱ ሲወጡ፣ «ስለሚወደኝ ነው፣ ወደይ፣ ልጄ» አለችኝ።

እኔም እወዳታለሁ። ለማዘዝ ግን ዕድሜዬ አልደረሰም።