የእድራችን ጡሩምባ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለናትናኤል፤ ሐዋሳ ከነልጆችህ እንዴት ከርመሃል? እኛ መቱ ላይ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ማክሰኞ የእትዬ ስንቄ ቤት ሲቃጠል አባባ የእድሩን ጡሩምባ ነፉ። ሰፈሩ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። አባባ «ኢቢዳ! እሳት ነው!» ብለው ሲጮሁ፣ ያንኑ ነጠላ ውሃ ውስጥ እየነከረ እሳቱን አጠፋው። የእሳት አደጋ መኪናው ሲደርስ አዛዡ «ለእኛ ምን ተዋችሁልን?» ብሎ ሳቀ። በሰፈሬ እንዴት እንደኮራሁ!

አሁን እድሩ ለእሳት የመኪና ቸርኬ እንዲደወል ወስኗል። አባባ «ቸርኬውን እኔ እመታለሁ፤ ትንፋሽ አይጠይቅም» አሉ። የለቅሶውን ጡሩምባ ደግሞ እኔን እያስተማሩኝ ነው፤ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል።

ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንተ መጥተህ አባባን ሳታያቸው ግን ጡሩምባውን ልነፋው አልፈልግም።

እህትህ ትህትና