መቅኔህ አልገጠመም

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ትኩሳቱ ለቀቀሽ? ይኼን መጠየቅ ለምዶብኝ እጄ አልመለስ አለኝ። እኛ ደህና ነን። ለቅሶ የመጡት ሰዎች ትናንት ሄዱ፤ ቤቱ ወና ሆነ።

«መርማሪው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ጠረጠርክ?» ትይኝ ነበር። እኔም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬ እመልስልሽ ነበር። ዘንድሮ የጠረጠርኩት እናታችንን፣ እማን ነው።

የደም ካንሰሩ ሲያገረሽብሽ ሐኪሟ ያለችውን አብረን ሰምተናል። የፊተኛው መድኃኒት ከእንግዲህ አይበቃም፤ አዲሱ ካንሰሩን ካጠፋልሽ ከወንድምሽ መቅኔ ይሰጥሻል፤ ካላጠፋው ግን መቅኔው ዋጋ የለውም። እኔ የሰማሁት «ከወንድምሽ» የሚለውን ብቻ ነው። ለምርመራ ደም ሰጥቼ ስመለስ፣ «የአንተ ደም ጉረኛ ነው፣ እኔ ውስጥ ገብቶ እንዳይፎክርብኝ» ብለሽ አሳቅሽኝ።

ከሳምንት በኋላ እማ አንቺን ውስጥ ትታ ከሐኪሟ ክፍል ወጥታ መቅኔህ አልገጠመም አለችኝ። ስትናገር የምታየው ጫማዬን ነበር። ወረቀቱን አሳዪኝ ብላት ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወሸቀችው። ነርሷን ብጠይቃት «እናትህን ጠይቅ» አለችኝ። ቀደም ብሎ ደግሞ እማ በስልክ ለአክስታችን «አንዷ ታማብኝ ሌላውን እንዴት ለመርፌ ላስተኛው» ስትል ሰምቻታለሁ። በቃ፣ ደመደምኩ። ለእኔ ሳስታ አንቺን ተወችሽ አልኩ።

ሁለት ወር ሙሉ ሰላም አላልኳትም። አዲሱ መድኃኒት አልሠራም ሲሉን እንኳ አጠገቧ አልቆምኩም። ያን ቀን በአንቺ ፊት «ገዳይ» አልኳት። አፏን ከፍታ ወደ አንቺ ዞረች፤ አንቺ ራስሽን ነቀነቅሽ፤ እሷም ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። በእኔ ያዘንሽብኝ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ልብስሽን ሳጣጥፍ ወረቀቱ ከሹራብሽ ኪስ ወጣ። «ሙሉ በሙሉ ይገጥማል» ይላል። ላፋጥጣት ብድግ አልኩ። ሳገላብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በአንቺ የተንጋደደ ጽሑፍ፦

«እማ፣ መድኃኒቱ መሥራቱ እስኪታወቅ አልገጠመም በይው። ካልሠራ፣ ይኼ ልጅ መቅኔዬ እየገጠመ ለምን አልሰጠኋትም እያለ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲመረምር ይኖራል።»

ያለሽበት ይመችሽ፣ እታለም። መርፌ የማያውቀው እንቅልፍ ይስጥሽ።

ዛሬ ለቀስተኛ የሌለበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ወረቀቱን ወደ ሹራብሽ ኪስ መለስኩት። ሻይ አፍልቼ ሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። እማ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ባዶ እጇን ተቀምጣ ነበር። አንዱን አቀብያት እንዴት አደርሽ አልኳት። ጫማዬን አላየችም።

ታናሽ ወንድምሽ፣
መርማሪው