ከአሰብ ነው ወይስ ከጋምቤላ?

ሰኞ

ሰይድ ሰላሜን ነሣኝ። የድሮ የጋራዥ ጓደኛዬ ነው፤ ከመርሳ ገበያ መልስ ጎራ አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደረቅ ዓሣ ቀና ብሎ አየ። "ይሄን ከጋምቤላ ስናመጣው ትዝ ይልሃል?" አለኝ። ከአሰብ ነው፣ ከየሺ ጋር የገዛነው ነው አልኩት። "ወላሂ ከጋምቤላ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ጃጅተሃል!" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሄደ በኋላ ግን ዓሣውን ደጋግሜ ቀና ብዬ አየሁት።

ሁለቱም ቦታ የሄድኩት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጋምቤላ ከሰይድ ጋር መኪና ልንጠግን። አሰብ ከየሺ ጋር፣ በተጋባን ሰሞን፣ በጭነት መኪና ጋቢና። ፎቶ አልተነሣንም። ከእሷ ጋር ካየሁት ባሕር የቀረኝ ይህ ዓሣ ብቻ ነው። ካልሆነስ?

ማክሰኞ

ወልድያ ባዮሎጂ ለምታስተምረው ልጄ ለሰናይት ዓሣውን ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። ደወለች። "አባዬ፣ ሲነኩት እንደ ኳስ የሚነፋው ዓሣ ነው። መርዘኛ ነው፣ እንዳትቀምሰው!" በዚህ ዕድሜዬ! ዓይነቱ ብዙ ነው አለች፤ የባሕርም የወንዝም አለ፣ ባሮም ውስጥ ይኖራል። ባሮ ደግሞ የጋምቤላ ወንዝ ነው። የወንዙ ጎኑ ላይ ወደ ጭራው የሚሄድ መስመር አለው። የኛ ግን የኩራዝ ጥላሸት ጠግቦ ጠቁሯል። "በእርጥብ ጥጥ ቀስ አድርገህ ጥረገውና አሳየኝ" አለች።

ረቡዕ

አልነካሁትም። ቢሰበርስ?

ከቅዳሴ መልስ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ስለ ዓሣ መጸለይ አሳፈረኝ፤ ለየሺ ነፍስ ጸለይኩ። እንግዳ ሲመጣ ዓሣውን እያሳየች "ኩሉን አያችሁት?" ትል ነበር። በዚህ ጥቁረቱ ምን ኩል ይታይበታል? ቀልዷ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ምነው ያኔ በጠየቅኋት።

ሐሙስ

ጠረግሁት። መጀመሪያ ጎኑን። መስመር የለም! ከዚያ ፊቱን። ካንዱ ዓይን ወደ ሌላው የተጋደመ ጥቁር ነገር አልለቅ አለኝ። ጥላሸት መስሎኝ ደጋግሜ አሸሁት። የራሱ መልክ ነው።

ሰናይት ፎቶውን እንዳየች ጮኸች። "አባዬ፣ ይሄማ የቀይ ባሕር ነው! ዓይኑ ላይ መቀነት ያለው እዚያ ዛጎል ድንጋይ መሀል ነው የሚኖረው። ወንዝ አያውቅም።"

ስልኩን ሳልዘጋ ትዝ አለኝ። የሺ ሻጩ ፊት ቆማ፣ የሙሽርነት ኩሏ ገና ሳይለቅ፣ "አየኸው? እንደኔ ተኩሏል" ብላኝ ነበር። ይሄን እንዴት ረሳሁት?

ዓርብ

ሰይድ መጣ። ነገርኩት። "እሺ፣ ታዲያ ከጋምቤላ ያመጣነው ምን ነበር?" አለ። እኔ እንጃ፤ ያልጃጀኸው አንተ አይደለህ አልኩት። ዓሣውን አሁን መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ነው የሰቀልኩት። ሰይድ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አስቆምኩት።

"ኩሉን አየኸው?"