ድፍድፉ ሳይረጋ ይለካልኝ

ለነዳጅ ጉድጓዶች አስተዳደር ዋና ኃላፊ

ቀን፦ ኅዳር 4

ጉዳዩ፦ የሰባተኛው ጉድጓድ አልትራሳውንድ እንዳይነቀል፣ ባለቤቴም ወደ ጉድጓዱ እንድትላክልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች የሰባተኛው ጉድጓድ የመሣሪያ ቴክኒሻን ነኝ። ክቡርነትዎ ጉድጓዱን ያዩት ሪባን በቆረጡ ቀን ብቻ ስለሆነ ላስታውስዎ፦ ድፍድፍ ነዳጁ ከመወፈሩ የተነሳ ሦስት ፓምፕ አንቆ ገድሏል። በስድስት ዓመት ልፋት ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚለቅ መሣሪያ ሠርቼ ወደ ጉድጓዱ አወረድኩ። ድምፁ ሲደርሰው ድፍድፉ ቀጥኖ ይፈሳል። ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው «አልትራሳውንድ ለነፍሰ ጡር እንጂ ለጉድጓድ መቼ ታዘዘ» ብሎ ስቆብኛል። በሳቁ አልቀየምም፤ መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄ ነበር።

2. ቅሬታዬ ከሳቁ በኋላ በመጣው ነው። የቀጠነው ድፍድፍ በአንድ ቀን ውስጥ ተመልሶ ይወፍራል፤ ይህን በየማመልከቻዬ ጽፌያለሁ። እኛ ቀጥኖ እንዲቆይ የምንፈልገው ፓምፑን እስኪያልፍ ብቻ ነው። ለምርመራ የተቀዳው ናሙና ግን ጥበቃው እስኪመዘግበው፣ ግምጃ ቤቱ እስኪረከበው፣ መሸኛው እስኪፈረም አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ላቦራቶሪ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ውጤቱ «ለውጥ የለውም» ሆነ፤ መሣሪያውም ሰኞ ተነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት እንዲሰጥ ተወሰነ።

3. ውጤቱን የፈረመችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ባለቤቴ ነች። ብጠይቃት «ያመጣችሁልኝን ለካሁ፤ ያላመጣችሁትን ከየት አምጥቼ ልለካ?» አለችኝ። ልክ ነች። ልክ በመሆኗም ይኸው ሁለት ሳምንት ተኳርፈናል፤ ጨው እንኳ ራሴ ተነስቼ አመጣለሁ። ሌላ ሰው ቢፈርምበት ኖሮ እንዲህ አያመኝም ነበር።

4. ስለዚህ ከሰኞ በፊት ለአንድ ቀን መለኪያዋን ይዛ መጥታ፣ ድፍድፉን ከጉድጓዱ አፍ ላይ እንደወጣ እንድትለካው ይፈቀድልኝ። ያኔም ወፍራም ነው ካለች መሣሪያውን እኔው ነቅዬ፣ እኔው ተሸክሜ አስረክባለሁ። ሌላ አቤቱታም አልጽፍም።

የሰው ኃይል ክፍል ለላቦራቶሪ ሠራተኛ የመስክ ጫማ አይሰጥም፣ ያለ ጫማም ጉድጓድ አይቀረብም ብሎኛል። እንግዲያው አንድ ጥንድ ጫማም ይፈቀድልኝ። ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት ነው። ዛሬ ጠዋት ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ።

ከጉድጓዱ አፍ ከሚቀርብ የአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሰባተኛው ጉድጓድ የመሣሪያ ቴክኒሻን